በድንኳናችን ውስጥ የማይነገረው

እኅቶቼ፣ ዕድሜ ከሰጠን ነገር ሁሉ ከባዱ ክፉ ነገር ገና ከሩቅ ሲመጣ መለየታችን ነው። ልጆቻችን ያላዩትን እኛ አይተናል፤ ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ዝናቡ ሳይደርቅለት በሌላው ደጅ ሲተከል፣ ለቀብር የወጣ ነጠላ ታጥቦ ሳይሰጣ ዳግመኛ ሲለበስ፣ አንዲት አያት ልጆቿን ቀብራ የተረፉትን የልጅ ልጆች ይዛ እንደገና አራስ ቤት የገባች ያህል ስትንከራተት አይተናል። ያኔ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻና በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ኤች አይ ቪ በየቤቱ በገባበት ዘመን፣ የሞተው ሁሉ በምች ሞተ፣ በሳንባ ሞተ፣ በሰው ዓይን ሞተ ይባል ነበር እንጂ የበሽታውን ስም አፍ አውጥቶ የጠራ አልነበረም። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለሄዱት ከማልቀስ በቀር ምን ይደረጋል፤ መድኃኒቱ ሰፈራቸው ደርሶ ሳለ፣ ሰው ያየኛል ብለው በር ዘግተው የሄዱት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል። ያንን ያየች ሴት በሰፈሯ ሌላ ዝምታ ሲያድግ እያየች አርፋ መቀመጥ አይቻላትም።

በእድራችን ሴት ስትሞት የሚነበበው ቃል አይለወጥም፤ ለአጭር ጊዜ ታመው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ ይባላል። አጭር የተባለው ጊዜ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ መሆኑን ያስታመመች ልጅ ታውቀዋለች፤ ጎረቤት የሚያውቀው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ብቻ ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት፣ ተከታዩ የማኅፀን በር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዚያ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ከ16,000 በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር፣ ከ7,000 በላይ ደግሞ በማኅፀን በር ካንሰር ተይዘዋል፤ በማኅፀን በር ካንሰር በዚያው ዓመት የሞቱት ከ5,000 ይበልጣሉ። የታመሙትን ቁጥር ከሞቱት ቁጥር ጎን አስቀምጣችሁ ስታዩት ልብ ያደማል፤ አስቀድሞ ሊደረስባቸው ከሚቻሉት ካንሰሮች ዋነኛው ይኸው ነውና። ከእነዚያ ሴቶች ስንቶቹ በየእድሩ ለአጭር ጊዜ ታመው ተብሎ እንደተነበበላቸው እግዚአብሔር ይወቅ።

አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ፣ ስሟን ልተወው። ቡና ስትጠራ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚሰበሰብላት፣ ቀጥ ያለች፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ የነጣ ሴት ነበረች። አንድ ክረምት ለቡና ስትመጣ በር ሥር መቀመጥ ጀመረች፤ ወደ ውስጥ ግቢ ሲሏት ሙቀት አልወድም ትላለች። በገዛ ቤቷ ስታፈላም ዕጣኑን አበዛችው፣ ጭሱ ዓይን እስኪያቃጥል ድረስ፤ አንዳንዶቹ ቤትሽ ቤተ መቅደስ ሆነ ብለው ቀለዱባት። ነጩን ቀሚሷን ትታ ጥቁርና ቡናማ ስትለብስ ከአገር ቤት መርዶ የመጣባት መሰለ። ቅዳሴ ቀረች፤ ደም የሚፈሳት ሴት መቅደስ አትገባምና በዓመት በዓሉ ከግቢው ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቆማ ተሳልማ ትመለስ ነበር። ካረጠች ዓመታት አልፈው ነበር እኮ። ያ ሁሉ መራቅ፣ ያ ሁሉ ዕጣን፣ ሽታውን ለመሸሸግ እንደነበር ልጇ የነገረችን ከቀብር በኋላ ነው፤ ሌሊት እየተነሣች ጨርቋን ታጥብ እንደነበር፣ ጎረቤት እንዳያየው ከአልጋዋ ራስጌ ታሰጣው እንደነበር፣ ወገቧን ሲቆርጣት ብርድ ነው እያለች በፌጦ ታሽ እንደነበር። ሐኪም ቤት የደረሰችው ሽንቷ ሲዘጋ ነው። እጢው አድጎ ከኩላሊት የሚወርደውን መንገድ ዘግቶት ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ የፈራች ሴት በሯን ትዘጋለች እንጂ ወደ ሐኪም አትሄድም። ያነሣሁት የጎረቤቴ ሕመም ከየት እንደሚጀምር እንድታዩት ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ድንገት የሚወድቅ መብረቅ አይደለም። መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ሐኪሞቹ ኤች ፒ ቪ የሚሉት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ተሕዋስ ነው፤ ይህንን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ነው፤ በዕድሜዋ አንድ ወንድ ብቻ የምታውቅ ሴትም ትይዘዋለች፣ ባልም አንዳች ሳይሰማው ለዓመታት ተሸክሞት ሊኖር ይችላል። በአብዛኛዎቹ ሴቶች ሰውነት ራሱ ታግሎ ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ግን ተደብቆ ይቀራል፣ የማኅፀን በርን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይለውጣል፣ ያ ለውጥ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ምስጥ የገባበት ምሰሶ ከውጭ ቀለሙ እንደማይለወጥ ሁሉ፣ በእነዚያ ዓመታት ሴትዮዋ አይቆርጣት፣ አይደማት፣ ከሥራዋም አትቀር።

እንግዲህ አስቡት፤ አሥር ዓመት የሰጠ ጠላት ነው። በዘመናችን ካየናቸው መከራዎች እንዲህ ያለ ቀጠሮ የሰጠን ማን አለ? ረሀቡ ቀጠሮ አልሰጠም፤ ጦርነቱም አልሰጠም። ይህ ግን እየጠበቀን ነው፣ እኛ ደግሞ የሰጠንን ዓመታት በይሉኝታ እንበላቸዋለን። በሽታውን የሴሰኝነት ምልክት የሚያደርጉት ሰዎች ያመጡት ጉዳት ከዚህ የተነሣ ይብሳል፤ ቤቷን አክብራ የኖረችው ሴት ያን ስም ከመሸከም ጨርቅ በሌሊት ማጠብን ትመርጣለችና። እኔ ካስታመምኳቸውና ከቀበርኳቸው መካከል ማኅበር የሚጠጡ፣ ጾም የማይገድፉ፣ ከባላቸው በቀር ሌላ ሰው ያልነካቸው ሴቶች ነበሩ።

ምርመራው ደግሞ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ እንደምትፈሩት አይደለም። በጤና ጣቢያው መጋረጃ የተጋረደበት አንድ አልጋና አንድ መብራት አለ። ብዙ ጊዜ የምትሠራው አዋላጅ ነርስ ናት። የማኅፀኑን በር በጥጥ ላይ ባደረገችው ፈሳሽ ታረጥበዋለች፤ ፈሳሹ ሰላጣ ላይ ከምናፈሰው ኮምጣጤ ጋር አንድ ዓይነት አሲድ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ሕዋሱ ጤነኛ ከሆነ ቦታው ቀለሙን አይለውጥም፤ መለወጥ የጀመረ ሕዋስ ካለ እዚያ ላይ ነጣ ብሎ ይታያል። ነጣ ያለው ትንሽ ከሆነና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ፣ መሣሪያው ባለበት ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይነሣል፣ ሴትዮዋም በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ኮምጣጤ ምን ሊያድን ብላ የሳቀችብኝ ወዳጅ አለችኝ፤ ኮምጣጤው አያድንም፣ ያሳያል እንጂ። ምጥ ላሳለፈች ሴት ደግሞ በዚያ አልጋ ላይ የሚሰማት ነገር ሕመም ተብሎ የሚወራ አይደለም። በአገራችን የጤና መመሪያ ይህ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በየአምስት ዓመቱ እንዲደረግ ታስቧል። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ከቡናው ሰዓት ባነሰ ጊዜ።

ታዲያ ለምን አይሄዱም ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሱ ያለው እኛው ዘንድ ነው። ልጆቻችን ሆዳቸውን ሲያማቸው መጀመሪያ የሚሰሙት የእኛን ድምፅ ነው፣ የእኛ ድምፅ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ብርድ ነው፣ ያልፋል፣ ሴት ልጅ ሆና ያልታመመ ማን አለ። እንጀራው እስኪጋገር፣ ልጁ ፈተናውን እስኪጨርስ፣ በዓሉ እስኪያልፍ፣ ባሏ ከመንገድ እስኪመለስ። እናቶቻችን ከሁሉ በኋላ እንደበሉ ከሁሉ በኋላም ታከሙ፤ ያንን እንደ ክብር ቆጥረነው ለልጆቻችን አወረስናቸው። ልጅ ያተኮሰው እንደሆነ ሌሊት ታክሲ ፈልገን እንሮጣለን፤ ባል ሲያስለው ማር በሎሚ እናሞቃለን፤ ለራሳችን ሲሆን ግን የጤና ጣቢያው መንገድ ይረዝምብናል። እንዲህ ያለውን ሴት ጨዋ፣ ታጋሽ፣ ጓዳዋን የማታወጣ እያልን በድንኳን ውስጥ እናወድሳታለን። እኔ ያንን ውዳሴ መስማት ከሰለቸኝ ቆይቷል። በሞተች ሴት ላይ የሚነገር የትዕግሥት ምስጋና በሕይወት ያለችዋን ልጅ ወደዚያው መንገድ ይጠራታል።

የጡቱ ነገር ይለያል፣ በአንድ በኩልም ይከፋል። ሕመም የሌለውን ነገር በሽታ ነው ብለን አንቀበልም፤ የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። በገላ መታጠቢያ ውስጥ እጅ የሚነካው ጠጠር የመሰለ ነገር ነው፣ ወይም በብብት ሥር ያለ እብጠት ነው። የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፣ ከጫፉ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሲወጣ፣ አንዱ ጡት ከሌላው መልኩን ሲለውጥ፣ ያንን ምልክት ችላ ብሎ ማደር አይገባም። የምታጠባዋ ልጅ ስትነግረን ወተት ቋጥሮ ነው እንላታለን፤ እሺ፣ ወተትም ይቋጥራል፤ ቢሆንም ወተት ሆኖ ለሳምንታት የማይሟሟ እብጠት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህ በሽታ የአሮጊት ብቻ አይደለም። በአገራችን ሐኪም ቤት ከሚደርሱት መካከል በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉት እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሲደርሱም አብዛኞቹ በሽታው ከጡት አልፎ ከሄደ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም፤ ግን ይህን የሚለየው በአልትራሳውንድና በናሙና የሚመረምረው ሐኪም ነው እንጂ የጎረቤት ጣት አይደለም።

አሜሪካ ያሉት እኅቶቻችን ስልክ ሲደውሉ የሚነግሩንን ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ከሆነ፣ እዚያ ሴት 40 ዓመት ሲሞላት ለጡት ራጅ፣ ማሞግራፊ ለሚሉት፣ በየሁለት ዓመቱ እንድትሄድ ይመከራል፤ ስትቀር ክሊኒኩ ደውሎ ያስታውሳታል። እኛን የሚያስታውስ የለም። የሚያስታውሰን ከጠፋ ደግሞ እርስ በርስ ልንታወስ ይገባን ነበር፤ የዕቁብ ቀን ያልረሳች ሴት፣ የማን ልጅ መቼ እንደምትዳር የምታውቅ ሴት፣ የጎረቤቷ ጡት ላይ ስለወጣው ነገር መጠየቅ የሚያቅታት አይመስለኝም። ስለ አኗኗራችንም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ጡት ማጥባት እናትየዋን ከጡት ካንሰር በተወሰነ ደረጃ ይጠብቃል፤ ይህ ከአያቶቻችን የወረስነው ደግ ልማድ ነውና ልጆቻችን በቆርቆሮ ወተት እንዳይለውጡት እንምከራቸው። አልኮል ግን በሽታውን ያቀርባል፣ ጠላውም አረቄውም አልኮል ነው። ካረጥን በኋላ የሚጨምረው ውፍረትም እንዲሁ፤ ደላት፣ አማረባት እያልን የምናሞግሰው አካል አንዳንዴ ሸክሙን በውስጥ ይይዛል።

ስለ ጠበል የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ ጠበልን የሚንቅ ቃልም ከእኔ አፍ አይወጣም። እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን በዚያ በክፉው ዘመን በእንጦጦ ማርያም የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ጥለው ጠበል ላይ የቀሩ ስንቶች እንደነበሩ አንረሳም፤ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ ሰው ነፍሱ ተመለሰች። ሙስሊም እኅቶቼም ከዘምዘሙና ከሩቅያው ጋር ሐኪሙን እንዳይተዉ እለምናቸዋለሁ። ጸሎት ጊዜ አያልፍበትም፤ እብጠት ያልፍበታል። በሦስት ወር ሱባኤ ውስጥ ከጡት ወደ ብብት፣ ከብብት ወደ አጥንት የሚሄድ ነገር አለ። ስእለት የሚሳል ሰው ወረፋ ይዞ፣ ካርድ አውጥቶ ይሳል።

መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ያላዩ ካሉ አንድ ቀን ማለዳ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሂዱ። ለሃያ ዓመታት ያህል በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እሱ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ተጀምሯል፣ ወረፋው ግን አሁንም ከሕመሙ ይረዝማል። በደረጃው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠችውን ሴት አይታችሁ የመጣሽው ከየት ነው ብትሏት፣ ከተነሣች ስንት ቀኗ እንደሆነ ትነግራችኋለች። አብሯት የመጣው ልጅ ትምህርቱን አቋርጧል። ላሚቱ ተሸጣለች፣ ቀጥሎ በሬው ተሸጧል፣ መሬቱ በእኩል ተሰጥቷል። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ በደም ካንሰር በተቀጠፈ ሕፃን ልጃቸው ስም ወላጆቹ የመሠረቱት ማኅበር፣ ለእንዲህ ያሉ ታካሚዎች ማረፊያ ያዘጋጀው ማታ የሚወድቁበት ሲያጡ ስላየ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ በጥጥና በኮምጣጤ የሚታየው ነገር በመጨረሻው ደረጃ ላይ ቤት ያፈርሳል። የምትሞተው እናትየዋ ብቻ አይደለችም፤ ማጀቱ ይዘጋል፣ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ የእናቷን ቦታ ትይዛለች፣ እሷም በተራዋ ሲያማት ብርድ ነው የሚላት እናት እንኳ የላትም።

ስለ ሴት ልጆች ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል አትፍረዱብኝ። ለእኛና ለልጆቻችን ያልደረሰ ነገር ለልጅ ልጆቻችን ደርሶላቸዋል። የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ብቻ እንዲበቃ ሆኖ በዘመቻ ተሰጠ። ክትባቱ ከሚከላከላቸው የቫይረሱ ዓይነቶች መካከል 16ኛውና 18ኛው ይገኛሉ፤ ከማኅፀን በር ካንሰር ከመቶ ሰባ የሚሆነውን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንዴ የገባን ቫይረስ አያስወጣም፤ ልጅቷ ወንድ ሳታውቅ የሚሰጠውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ በየቡናው ያመክናል የሚለውን ወሬ ማን ዘራው? ሳይንቲስት አይደለም፣ እኛው ነን ያሰራጨነው፤ የሴት አያት ቃል በቤት ውስጥ ከሐኪም ቃል ይከብዳልና። ሩዋንዳ በ2011 እ.ኤ.አ. ልጃገረዶቿን መከተብ ስትጀምር ይኸው ወሬ ነበረ፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል ዛሬ ወልደው የሳሙ አሉ።

ደግሞ አንድ የምንዘነጋት ልጅ አለች። ክትባቱ በትምህርት ቤት ሲሰጥ በጓዳችን ሽንኩርት የምትከትፈው፣ ከገጠር በዘመድ በኩል የመጣችው፣ ደብተር የሌላት ልጅ ስሟ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም። የእሷን ስም ማስመዝገብ የማን ሥራ ነው? በአገር ቤት ያሉትንም በ13 እና በ14 ዓመታቸው ለመዳር የሚጣደፉ ዘመዶቻችንን መገሠጽ የእኛ ፋንታ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ሲያደርግ ብዙዎቻችን ዘመናዊነት ነው ብለን አጉረመረምን፤ ገና ያልጠና የልጅ አካል ለዚህ ቫይረስ የበለጠ የተጋለጠ መሆኑን፣ ገና በልጅነት የሚጀመር ትዳርና ብዙ ወሊድ የማኅፀን በር ካንሰርን እንደሚያቀርብ ግን ማን ነግሮን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ ነው። ከዚያ ከክፉው ዘመን መድኃኒቱ ያተረፋቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው እያለ ጤነኛ ሆነው ልጅ ያሳደጉ እኅቶች በመካከላችን አሉ። የማኅፀን በር ካንሰር በእነሱ ላይ የመድረስ ዕድሉ ከሌሎች ሴቶች ስድስት እጥፍ ያህል ነው፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት የሚፈጀው ለውጥም የመከላከል አቅማቸው ሲደክም ከ5 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ለእነሱ ምርመራው ከ25 ዓመት ጀምሮ፣ ከሌላው ደጋግሞ መደረግ አለበት። መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ወደ ጤና ተቋም በየጊዜው ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ የምርመራው ክፍል አለ። ከመጀመሪያው ሞት ያመለጠች ሴት በሁለተኛው በር ላይ ብትወድቅ፣ ያውም በሩ የት እንዳለ እያወቅን፣ በመጨረሻው ቀን ምን ብለን እንመልሳለን?

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ አሮጊቶቹ ልምጣ። ካረጥን በኋላ የማኅፀኑ በር ስለሚሸበሸብና የሚለወጠው ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ የኮምጣጤው ምርመራ እንደ ልጆቹ ለእኛ አያገለግልም፤ ለዚህ ነው መመሪያው 49 ላይ የሚቆመው። ይህ ማለት ግን ከበሽታው ወጥተናል ማለት አይደለም። ለእኛ የሚሆን ሌላ ምርመራ ያለባቸው ሆስፒታሎች አሉና ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ተመልሶ ወጣትነት መጣ ብላ የሳቀች ሴት አውቃለሁ፤ ሳቋ ብዙ አልቆየም። ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ የማይለቅ የወገብና የእምብርት በታች ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት፣ እነዚህን ለሐኪም ስትነግሩ አትፈሩ፤ ሐኪሙ ከእናንተ በፊት ሺህ ሴት አይቷል፣ ወንድ ከሆነና ካፈራችሁም ሴት አምጡልኝ በሉ፣ መብታችሁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. አገሮች ሁሉ በ2030 እንዲደርሱበት ያወጣው ግብ ከመቶ ዘጠና ልጃገረዶች እንዲከተቡ፣ ከመቶ ሰባ ሴቶች እንዲመረመሩ፣ በሽታው ከተገኘባቸው ከመቶ ዘጠናው እንዲታከሙ ነው። መንግሥት የራሱን ያድርግ፤ መሣሪያ ተበላሸ፣ ባለሙያ ተዛወረ የሚባለውን እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ከተመለስኩም ተመልሻለሁ። ቢሆንም አንድ ጊዜ ተመልሳ ሁለተኛ ያልሄደች ሴት ቅሬታዋን ይዛ ቤቷ ስትቀመጥ የምትጎዳው ራሷ ናት። ዛሬ የለም ሲሏት መቼ ይኖራል ብላ ትጠይቅ፣ ቀኑን አስጽፋ ትውጣ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ይህ ነገር በአጀንዳ እንዲያዝ ለጸሐፊው ነግሬዋለሁ፤ ከጤና ጣቢያው አንዲት ሲስተር መጥታ እንድታስረዳን፣ ወንዶቹም እንዲሰሙ። እስከዚያ ግን ስብሰባ የሚያስፈልጋት የለችም። ከ30 ዓመት ያለፈች ልጅ ወይም ምራት ያላችሁ፣ የወር አበባዋ በሌለበት ቀን ይዛችኋት ሂዱ፣ አብራችኋት ጠብቁ፤ ብቻዋን ስትልኳት መንገድ ላይ ሐሳቧን እንደምትለውጥ እናውቃለን። ጡቷ ላይ እብጠት ያላት ደግሞ ቀን አትምረጥ። ውጤቱ ሳይነገራችሁ ከግቢው አትውጡ፤ ሪፈር ከተጻፈላችሁም ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አትክተቱት፣ በማግስቱ ሂዱበት።